ኮሎምበስ ለምን መጀመሪያ ወደ ደቡብ ወረደ?

ጥያቄ፦ ኮሎምበስ በ1492 ከስፔን ሲነሣ በቀጥታ ወደ ምዕራብ አልሄደም፤ አስቀድሞ ወደ ካናሪ ደሴቶች ወረደ። ለምን? የተጓዘውን ርቀትስ በምን ይለካ ነበር?

መልስ፦ ዋናው ምክንያት ነፋሱ ነው። በስፔን ኬክሮስ አትላንቲክ ላይ የሚያይለው ከምዕራብ የሚነፍሰው ስለሆነ መርከብን ፊት ለፊት ይገፋል። በካናሪ አካባቢ ግን ከሰሜን ምሥራቅ ይነፍሳል፤ ሸራውን ከኋላ ይሞላል። ደሴቶቹ ላይ ፒንታ የተባለችው መርከቡ አቅጣጫ መቀየሪያ መሪ ተጠገነ፤ ኒኛ የተባለችው የሌላዋ መርከቡ ባለ ሦስት ማዕዘን ሸራም ከኋላ ለሚመጣ ነፋስ በሚመቸው ባለ አራት ማዕዘን ተለወጠ። ይህ ለውጥ ብዙ ጊዜ ይዘነጋል እንጂ ትልቅ ብልሃት ነበር። መስከረም 6 ከካናሪ ደሴቶች አንዷ ከሆነችው ከጎሜራ ተነሥተው ጥቅምት 12 መሬት አዩ (ቀኖቹ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው)።

ርቀቱ የሚገኘው በስሌት ነበር። ኮምፓስ አቅጣጫውን ያሳያል፤ ፍጥነቱን መርከበኛው የሚያልፈውን አረፋ አይቶ በዓይኑ ይገምታል፤ ጊዜውን የግማሽ ሰዓት የአሸዋ ሰዓት ይቆጥራል። አሸዋው ሲያልቅ የሚገለብጠው ልጅ እንቅልፍ ከወሰደው ጊዜው ጎድሎ ይቆጠራል፤ ርቀቱም እንዲሁ። የባሕሩ ውኃ ፍሰት መርከቧን ወደ ጎን ሲወስዳት ደግሞ ኮምፓሱ አያሳይም።

በ1493 ሲመለስ ይህንኑ የምዕራብ ነፋስ ፍለጋ ወደ ሰሜን ወጥቶ በአዞረስ ደሴቶች በኩል አለፈ።