የአንባቢያን ጥያቄ፦ የቀድሞዎቹ የአሜሪካ ማስል ካሮች (ጉልበተኛ ሞተር ያላቸው ፈጣን መኪናዎች) የኋላ አክስል

ጥያቄ፦ እ.ኤ.አ. የ1969 ሞዴል የሆነ ሸቭሮሌ ካማሮ ለመግዛት እየተነጋገርኩ ነው። ሻጩ የኋላ አክስሉ ከፋብሪካ አብሮት የመጣ ባለ 12 ቡሎን እንደሆነ፣ ፖዚትራክሽን (ሁለቱን የኋላ ጎማዎች አብሮ የሚያዞር ዲፈረንሻል) እንዳለውና ሬሾው (ጎማው አንዴ ሲዞር ፕሮፔለር ሻፍቱ የሚዞረው ብዛት) 4.10 እንደሆነ ይናገራል። ዲፈረንሻሉን ሳላስፈታ የተባለው እውነት መሆኑን ማረጋገጥ እችላለሁ?

መልስ፦ አብዛኛውን ማረጋገጥ ይችላሉ፤ ነገር ግን ሻጩ በአንድ ዓረፍተ ነገር የነገረዎት አራት የተለያዩ ጉዳዮችን ስለሆነ አንዱ እውነት ሆኖ መገኘቱ ለሌላው ማስረጃ እንደማይሆን አስቀድመው ይወቁ። የዲፈረንሻሉ ቤት ዓይነት፣ ፖዚትራክሽን መኖር አለመኖሩ፣ ሬሾው፣ እንዲሁም አክስሉ ከዚያው መኪና ጋር መወለዱ ለየብቻ ይመረመራሉ።

ቀላሉ የቤቱ ዓይነት ነው። ከመኪናው በስተኋላ ጎንበስ ብለው የዲፈረንሻሉን ክዳን የያዙትን ቡሎኖች ይቁጠሩ። በዚያ ዘመን ሸቭሮሌ በመለስተኛ ሞተሮች ላይ ይገጥመው የነበረው ባለ 10 ቡሎን ሲሆን፣ በውስጡ ያለው ትልቁ ጥርስ 8.2 ኢንች ስፋት ነበረው። ከ1965 እስከ 1972 ለጉልበተኞቹ የቤት መኪናዎች የተሠራው ባለ 12 ቡሎን ግን 8.875 ኢንች ጥርስ ይይዛል። ከዚሁ ጋር አንድ ጥንቃቄ አለ። የጭነት መኪናዎቹም ባለ 12 ቡሎን ነበራቸው፤ የእነርሱ ፒኞን (ትልቁን ጥርስ የሚነዳው ትንሹ ጥርስ) ግን ዘንጉ ቀጠን ያለ በመሆኑ ሁለቱ አንድ አይደሉም። ኦልድስሞቢልም ክዳኑ 12፣ የውስጡ ትልቅ ጥርስ ግን 10 ቡሎን የሆነ የራሱ አክስል ነበረው።

ቀጥሎ ሁለቱን የኋላ ጎማዎች በክሪክ አንስተው መኪናውን በጠንካራ ማቆሚያ ላይ ያሳርፉ፤ የፊት ጎማዎቹን ይገድቡ፣ ካምቢዮውን ዜሮ ላይ ያድርጉ፣ የእጅ ፍሬኑንም ይልቀቁ። አንዱን ጎማ በእጅዎ ሲያዞሩ ሌላኛው ወደ ተመሳሳይ አቅጣጫ አብሮት ከዞረ ፖዚትራክሽን አለ ለማለት ያስደፍራል፤ ወደ ተቃራኒ አቅጣጫ ከዞረ ተራ ዲፈረንሻል ነው፣ አለዚያም በፖዚትራክሽኑ ውስጥ ያሉት የፍሪሲዮን ሸራዎች አልቀዋል። ስለዚህ ውጤቱ አሉታዊ መሆኑ ብቻውን ሻጩ ዋሽቷል አያሰኝም።

ሬሾውን ለማወቅ በፕሮፔለር ሻፍቱና በጎማው ላይ በጠመኔ ምልክት ያድርጉ። ጎማዎቹ አብረው የሚዞሩ ከሆነ 10 ሙሉ ዙር ያዙሯቸውና ሻፍቱ ስንት ጊዜ እንደዞረ ይቁጠሩ። በትክክል 41 ከሆነ 4.10 ነው፤ ምክንያቱም ይህ ሬሾ የሚገኘው ባለ 41 ጥርሱ ትልቅ ጥርስ ባለ 10 ጥርስ ፒኞን ሲነዳው ነው። ከ37 ጥቂት ካለፈ ግን 3.73 ነው። ብዙዎች አንድ ዙር ብቻ አዙረው «ወደ 4 ይጠጋል» ብለው ይተዉታል፤ በዚህ ዓይነት ቆጠራ ሁለቱን ሬሾዎች መለየት አስቸጋሪ ነው። ዲፈረንሻሉ ተራ ከሆነ አንዱን ጎማ አስይዘው ሌላውን 20 ጊዜ ያዙሩት፤ የሻፍቱ ቁጥር ያው ይሆናል።

የመጨረሻው ጉዳይ፣ ማለትም አክስሉ ከመኪናው ጋር የተወለደ መሆኑ፣ ለዋጋው ከሁሉም በላይ የሚመዝነው ነው። በቀኝ በኩል ባለው የአክስሉ ቱቦ የፊት ገጽ ላይ የተመታ ኮድ አለ፤ ዝገቱንና ቅባቱን በጨርቅና በለስላሳ ብሩሽ ብቻ ያጽዱት፣ በሞሬድ ፈጽሞ አይንኩት። ፊደላቱ ሬሾውንና ፖዚትራክሽኑን፣ ቁጥሮቹ አክስሉ የተሠራበትን ቀን ያመለክታሉ። ያ ቀን መኪናው ከተገጣጠመበት ጊዜ ጥቂት ቀደም ማለት አለበት፤ ከመኪናው በኋላ የተሠራ አክስል ግን የመጀመሪያው ሊሆን አይችልም። ለምሳሌ ዚ/28 በተባለው የ1969 ካማሮ ዓይነት ላይ መደበኛው ሬሾ 3.73 ሲሆን 4.10 በትእዛዝ የሚመጣ አማራጭ ስለነበር፣ የሻጩ አባባል ከታሪክ ጋር አይጋጭም።

ጥያቄ፦ መኪናዬ የ1970 ሸቬል ኤስኤስ ኤልኤስ6 ነው። ባለ 454 ኪዩቢክ ኢንች ሞተር ሲሆን ኤም22 ባለ 4 ማርሽ ማንዋል ካምቢዮና 4.10 አክስል አለው። በአውራ ጎዳና ላይ ስነዳው ሞተሩ ያለ ፋታ ስለሚጮኽ ወደ 3.31 ልለውጠው አስቤያለሁ። ትክክል ነኝ?

መልስ፦ ለሚነዱት መንገድ ከሆነ ትክክል ነዎት። በእነዚያ ካምቢዮዎች አራተኛው ማርሽ ቀጥታ አንድ ለአንድ በመሆኑ፣ እንደ ዛሬዎቹ ሞተሩን የሚያሳርፍ ተጨማሪ ማርሽ የለም፤ ስለዚህ የጉዞ ዙሩን የሚወስኑት አክስሉና የጎማው ቁመት ብቻ ናቸው። 27 ኢንች ቁመት ያለው ጎማ በሰዓት 100 ኪሎ ሜትር ሲነዳ በደቂቃ 773 ጊዜ ያህል ይዞራል። ይህን በ4.10 ሲያባዙት ሞተሩ ወደ 3170 ዙር ይደርሳል፤ በ3.31 ግን 2560 ላይ ይቆያል። የ600 ዙር ልዩነት ረጅም መንገድ ለሚጓዝ ሰው ትልቅ እፎይታ ነው፤ የነዳጅም ቁጠባ አለው።

የሚያጡትም ነገር አለ። የኤም22 አንደኛ ማርሽ 2.20 በመሆኑ ከ4.10 ጋር ሲባዛ 9.02 ይሰጥ የነበረው ጉልበት፣ በ3.31 ወደ 7.28 ዝቅ ይላል፤ መኪናው ሲነሳ ፍሪሲዮኑን ትንሽ ረዘም አድርገው መልቀቅ ይኖርብዎታል። በደካማ ሞተር ላይ ቢሆን ይህን ለውጥ አልመክርም ነበር። ኤልኤስ6 ግን ፋብሪካው 450 የፈረስ ጉልበት የመዘገበለት ሞተር ነው፤ ራሱ ሸቭሮሌም መደበኛ አድርጎ የሰጠው 3.31ን ሲሆን 4.10 ለአጭር ርቀት ውድድር ፈላጊዎች የቀረበ አማራጭ ነበር።

ከመለወጥዎ በፊት አንድ ነገር ይወቁ። በባለ 12 ቡሎኑ ውስጥ ትልቁን ጥርስ የሚሸከመው ክፍል ለ3.73ና ከዚያ በታች ላሉት እንዲሁም ለ4.10ና ከዚያ በላይ ላሉት ሬሾዎች አንድ ዓይነት አይደለም። ጥርሱን ብቻ ከመለወጥ ይልቅ ሸካሚውን ከነፖዚትራክሽኑ ሙሉ ለሙሉ መለወጥ ይሻላል። የወጣውን ሁሉ በዘይት ቀብተው ያስቀምጡት፤ ዋናውን ቤት ግን ከመኪናው አያውጡት። የፍጥነት መቁጠሪያውንም ጥርስ በካምቢዮው ላይ ማስተካከል ያስፈልጋል፤ አለዚያ ከእውነተኛው ያነሰ ፍጥነት ያሳይዎታል።

ጥያቄ፦ የፎርድ 9 ኢንች፣ የክራይስለር 8 ¾ ኢንችና ዳና 60 ሲወዳደሩ የትኛው ይበልጣል?

መልስ፦ በጥንካሬ ብቻ ከሆነ ዳና 60 ከፋብሪካ እንደወጣ ሁሉንም ይበልጣል። ትልቁ ጥርሱ 9.75 ኢንች ሲሆን፣ ክራይስለር ባለ 426 ሄሚና ባለ 440 ሞተር ከ4 ማርሽ ማንዋል ካምቢዮ ጋር በሚያቀናጅባቸው መኪናዎች ላይ ይገጥመው ነበር፤ «ትራክ ፓክ» የሚባለው ጥቅል 3.54፣ «ሱፐር ትራክ ፓክ» ደግሞ 4.10 ሬሾ ያለውን ዳና ያመጣ ነበር። ሆኖም ከባድ ነው፤ ለመካከለኛ ሞተርም ከሚገባው በላይ ነው።

ለእኔ በአሠራሩ የሚማርከው የፎርዱ 9 ኢንች ነው። ከ1957 ጀምሮ እስከ 1986 ድረስ የተገጠመው ይህ አክስል ጥርሶቹ ያሉበት ክፍል በፊት በኩል እንዳለ ይወጣል፤ የፒኞኑም ጫፍ ከኋላው በተጨማሪ ኩሽኔታ ስለሚደገፍ በጭነት ጊዜ አይሸሽም። ፒኞኑ ከመሃል መስመሩ በጣም ዝቅ ብሎ መቀመጡ ጥርሶቹን ያጠነክራል፤ በዚያው መጠን ግን ሰበቃው ስለሚጨምር ጥቂት ጉልበት ይበላል። የክራይስለሩ 8 ¾ም በፊት በኩል የሚወጣ ስለሆነ ለጥገና ይመቻል፤ መለዋወጫ ሲገዙ ግን በቤቱ ላይ የተቀረጸው ቁጥር በ741፣ በ742 ወይም በ489 መጨረሱን ይመልከቱ፣ የሦስቱ ፒኞን ይለያያልና።

አክስል ማዘዝ ምን ያህል ርቀት ይሄድ እንደነበር የሚያሳየው «ድራግ ፓክ» የተባለው የፎርድ ጥቅል ነው። በ1969 ባለ 428 ኮብራ ጄት ሙስታንግን በ3.91 ትራክሽን-ሎክ (የፎርድ ፖዚትራክሽን መሰል ዲፈረንሻል) ወይም በ4.30 ዲትሮይት ሎከር (ሁለቱን ጎማዎች በጥርስ የሚቆልፍ ዲፈረንሻል) ያዘዘ ሰው ሞተሩም ሱፐር ኮብራ ጄት ይሆንለት ነበር። ጠንካራ ቢየላዎችና የዘይት ማቀዝቀዣ አብረው ይመጣሉ። ፋብሪካው ይህን አክስል የመረጠ ሰው ሞተሩን እስከ ጥግ እንደሚያስጮኸው ተረድቶ ነው። በበሩ ሰሌዳ ላይ ለአክስሉ «ቪ» ወይም «ደብልዩ» የሚል ፊደል ያለው መኪና ካገኙ በጥንቃቄ ይመርምሩት።

ጥያቄ፦ ፖዚትራክሽን ያለው መኪናዬ ጠባብ መታጠፊያ ላይ ከኋላ ይንገጫገጫል። ተበላሽቷል ማለት ነው?

መልስ፦ የግድ አይደለም። ሸራዎቹ በተራ የዲፈረንሻል ዘይት ውስጥ ሲሠሩ ይያያዙና ይንገጫገጫሉ። ዘይቱን ለውጠው ለእንዲህ ዓይነት ዲፈረንሻል የተዘጋጀውን ማለስለሻ ይጨምሩ፤ ከዚያም በሰፊ ባዶ ቦታ ላይ በዝግታ ወደ ቀኝና ወደ ግራ በተደጋጋሚ ይዙሩ። ድምፁ ካልጠፋ ሸራዎቹን ማስፈተሽ ያስፈልጋል። የተገጠመው ዲትሮይት ሎከር ከሆነ ግን ሸራ የለውም፤ ሲታጠፉ የሚሰሙት ቀጭ ቀጭ የሚል ድምፅ የአሠራሩ ባሕርይ ስለሆነ ማለስለሻ አይለውጠውም።