ገንዘብ ያዡና አጽዳቂው አንድ ሰው ሲሆኑ፦ ስለ ስልካችሁ ሰዓት ለወጣቶች

ውድ ልጆቼ፣

34 ዓመት በኦዲት ሙያ ያገለገልኩ ሰው ነኝ። ጡረታ ስወጣ የሰው ጉድለት የማየው ሥራ ያበቃልኝ መስሎኝ ነበር፤ ይሁን እንጂ ከዚያ ወዲህ ከሁሉ ያስደነገጠኝን ጉድለት ያገኘሁት በራሴ ኪስ ውስጥ ነው። ዩኒቨርሲቲ የሚማረው የእህቴ ልጅ አንድ እሑድ ሊጠይቀኝ መጥቶ ሳለ፣ «የእናንተ ትውልድ ስልክ ላይ ተደፍቶ ቀረ» እያልኩ እንደ ልማዴ ስገሥጸው ዝም ብሎ ሰማኝና፣ «ጋሼ፣ እስቲ የእርስዎን ስልክ ይስጡኝ» አለኝ። ሰጠሁት። ሴቲንግ ከፍቶ፣ ወደ ታች ወርዶ «ዲጂታል ዌልቢኢንግ» የሚለው ቦታ ላይ ሲደርስ ጣቱን አቆመና፣ «በቀን ስንት ሰዓት የሚያዩ ይመስልዎታል?» ሲል ጠየቀኝ። «ቢበዛ አንድ ሰዓት ተኩል» አልኩት። የትናንትናው መዝገብ 5 ሰዓት ከ12 ደቂቃ ይላል፤ ስልኩን የከፈትኩት ደግሞ 93 ጊዜ ነው። ገንዘብ ያዦች ጉድለት ሲገኝባቸው መጀመሪያ የሚሉት «ቆጠራው ተሳስቶ ይሆናል» ነው። እኔም ያልኩት ይህንኑ ነበር።

ስለዚህ ይህን ደብዳቤ የምጽፍላችሁ እንደ ንጹሕ ሰው ሆኜ አይደለም። የሙያዬ ትምህርት ለዚህ ጉዳይ ከሚጠበቀው በላይ የሚጠቅም ሆኖ ስላገኘሁት ነው።

ለዚህ ሥራ ምንም አፕ ማውረድ አያስፈልጋችሁም፤ መቆጣጠሪያው ከስልኩ ጋር አብሮ የመጣ ነው። ሳምሰንግም ሆነ ቴክኖ፣ አንድሮይድ ስልክ ያለው ሰው በሴቲንግ ውስጥ «ዲጂታል ዌልቢኢንግ ኤንድ ፓረንታል ኮንትሮልስ» በሚል ስም ያገኘዋል፤ አይፎን ያለው ደግሞ «ስክሪን ታይም» በሚል ስም። ጎግልም አፕልም እነዚህን ያወጡት እ.ኤ.አ. በ2018 ነው። በዚያው ዓመት መጀመሪያ የካሊፎርኒያ መምህራን የጡረታ ፈንድና ጃና ፓርትነርስ የተባለ የኢንቨስትመንት ድርጅት፣ በድምሩ 2 ቢሊዮን ዶላር ገደማ የሚያወጣ የአፕል አክሲዮን የያዙ ባለድርሻዎች፣ ልጆች በስልክ ስለሚያሳልፉት ጊዜ ኩባንያው እንዲያስብበት የሚጠይቅ ደብዳቤ ለቦርዱ ጽፈው ነበር። ኦዲተር እንዲህ ያለውን ታሪክ ይወዳል። ሆኖም መለኪያውን የሰጠችን ራሷ ጠላ ሻጯ መሆኗን አትርሱ፤ መለኪያው ትክክል ነው፣ «ይበቃሃል» የሚለው ቃል ግን ከእርሷ አይመጣም።

የመጀመሪያው ምክሬ ለጊዜው ምንም ገደብ እንዳታደርጉ ነው። ያለፈውን ዓመት ወጪ ሳያገላብጥ ሐምሌ ላይ በጀት የያዘ መሥሪያ ቤት ጥቅምት ሳይገባ ተጨማሪ በጀት ሲጠይቅ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ለአንድ ሳምንት ምንም ሳትነኩ በየጠዋቱ የትናንትናውን መዝገብ ብቻ አንብቡ። አንድሮይድ ላይ «ዳሽቦርድ» የሚለው እያንዳንዱ አፕ የወሰደውን ሰዓት፣ የተከፈተበትን ብዛትና የላከውን ኖቲፊኬሽን ያሳያል፤ አይፎን ደግሞ ስልኩን ስንት ጊዜ እንዳነሣችሁና እንዳነሣችሁ መጀመሪያ የከፈታችሁት የትኛውን አፕ እንደሆነ ሳይቀር ይነግራችኋል።

ከሰዓቱ ይልቅ ያነሣችሁበትን ብዛት በደንብ እዩት። በእኔ ልምድ ጉድለት ከትልቁ ቼክ ላይ እምብዛም አይገኝም፤ ትልቁን ቼክ ሁለት ሦስት ሰው ይፈርምበታልና። ጉድለት የሚገኘው ከፔቲ ካሽ ነው፤ ለታክሲ፣ ለፎቶ ኮፒ፣ ለእንግዳ ሻይ እየተባለ ያለ ደረሰኝ ከሚወጣው። ስልክም እንዲሁ ነው። ሁለት ሰዓት ተቀምጣችሁ ፊልም ብታዩ ማየታችሁን ታውቃላችሁ። የማታውቁት፣ ስንት ሰዓት እንደሆነ ለማየት ስልኩን ከኪሳችሁ አውጥታችሁ፣ ሃያ ደቂቃ ቆይታችሁ፣ ሰዓቱን ሳታዩ ወደ ኪሳችሁ የመለሳችሁትን ነው። የእኔ 93 ጊዜ አብዛኛው ይኸው ነበር። ለዚህ ዓይነቱ ወጪ መድኃኒቱ ከሱቅ የሚገዛ አንድ የግድግዳ ሰዓት ነው፤ ገዝቼ ሰቀልኩት።

ሳምንቱ ሲያልቅ ከሁሉ የበለጠ ሰዓት የወሰደውን አንድ አፕ ብቻ ምረጡ። ሦስት ሰዓት ወስዶ ከሆነ ወደ ሁለት ሰዓት ተኩል አውርዱት፤ በአንድ ጊዜ ወደ ሃያ ደቂቃ የሚያወርድ ሰው በሦስተኛው ቀን ገደቡን ይሰርዘዋል። አንድሮይድ ላይ በዳሽቦርዱ ውስጥ ከአፑ ስም አጠገብ ያለውን ምልክት ነክታችሁ ደቂቃውን ትሞላላችሁ፤ ጊዜው ሲያልቅ አፑ ይዘጋል፣ ምልክቱም ግራጫ ይሆናል። አይፎን ላይ «አፕ ሊሚትስ» ይባላል፤ ሊያልቅ አምስት ደቂቃ ሲቀረው ያስጠነቅቃል። የባንክ አፕ፣ ቴሌብርና መዝገበ ቃላት ግን አትንኩ። የፌስቡክን አፕ ዘግታችሁ በክሮም በኩል ፌስቡክ የምትገቡ ከሆነ ደግሞ እኛ ሁለት የደረሰኝ ጥራዝ መያዝ የምንለውን እየሠራችሁ ነውና ለክሮምም ልክ አውጡለት።

ቴሌግራም ለብቻው የሚታይ ነገር ነው። በአገራችን የክፍል ተወካይ ማስታወቂያ የሚለጥፈው፣ መምህሩ የንባብ ፋይል የሚልከው፣ ክፍት የሥራ ቦታ የሚወጣው፣ የኳስ ውጤት የሚለቀቀውና የሠፈር ልጆች የሚቀልዱት በዚያው በአንድ አፕ ውስጥ ነው፤ የአፕ ገደብ ደግሞ ቁም ነገሩን ከዋዛው አይለይም። 45 ደቂቃ ብትሰጡት 45ቱም በቀልድ ያልቃል፤ ማታ ፋይሉን ስትፈልጉ በሩ ተዘግቶ ታገኙታላችሁ፤ ያን ጊዜ ገደቡን በንዴት ታነሡታላችሁ፣ ለማንሣትም በቂ ምክንያት አላችሁ። ስለዚህ ለቴሌግራም የስልኩን ሴቲንግ ትታችሁ ወደ ራሱ ወደ አፑ ግቡ። የትምህርትና የሥራ የሆኑትን በአንድ ፎልደር ሰብስቡ፤ የቀሩትን ቻናሎች ድምፃቸውን አጥፉና ወደ አርካይቭ ላኳቸው። ከእህቴ ልጅ ጋር ቁጭ ብለን የእርሱን ስናጸዳ ከ140 በላይ ቻናል ውስጥ ገብቶ አገኘነው፤ ከእነዚህ አንዱ መቼና ለምን እንደገባበት ራሱም ሊያስታውስ ያልቻለው የዶሮ እርባታ ቻናል ነበር።

አሁን ወደ ራሴ ስሕተት ልምጣ። አንድሮይድ ላይ «ቤድታይም ሞድ» የሚባል አለ፤ በወሰናችሁለት ሰዓት ስልኩ ድምፁን ያጠፋል፣ ስክሪኑም ቀለሙን አጥቶ ጥቁርና ነጭ ይሆናል። ቀለም የሌለው ቪዲዮ ጨው እንደሌለው ሽሮ ስለሆነ፣ ማታ እጅን ከስልክ ለማላቀቅ ለእኔ ከዚህ የበለጠ የረዳኝ የለም። የምተኛው ከምሽቱ 4 ሰዓት፣ የምነሣው ከንጋቱ 12 ሰዓት ነውና 4 ላይ ይጀምር፣ 12 ላይ ያብቃ ብዬ ሞላሁት። በማግስቱ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ አንድ ነገር እያየሁ ሳለ ስክሪኑ ድንገት ዐመድ መሰለ። የተበላሸ መስሎኝ ሠፈራችን ካለው ስልክ ጠጋኝ ዘንድ ወሰድኩት፤ ወጣቱ አገላብጦ አየና ሳቁን እየዋጠ፣ «አባባ፣ ይሄ እኮ በፈረንጅ ሰዓት ነው የሚሠራው» አለኝ። ስልኬ ከቀኑ 10 ሰዓት ላይ ተኝቶ ከሌሊቱ 6 ሰዓት ላይ ሊነቃ ቀጠሮ ይዞ ነበር። ምሽት 4 ሰዓት የምትተኙ 10፡00 ፒኤም፣ ንጋት 12 ሰዓት የምትነሡ 6፡00 ኤኤም ብላችሁ ሙሉ።

የሰዓቱ ነገር ግን ከሣቅም አልፎ የሚሄድ ነው። ለእኛ ቀን የሚጀምረው ሲነጋ ነው፤ ለስልኩ የሚጀምረው ከሌሊቱ 6 ሰዓት ነው፣ የአንድሮይድም ሆነ የአይፎን የአፕ ገደብ የሚታደሰውም በዚያው ሰዓት ነው። እንግዲህ የዕለት ድርሻውን ጨርሶ ከምሽቱ 5 ሰዓት ላይ አፑ የተዘጋበት ወጣት አንድ ሰዓት ብቻ ነቅቶ ከጠበቀ፣ ምንም ሕግ ሳይጥስ የነገውን ድርሻ ዛሬ ሌሊት ይበላል። ይህ ሰኔ 30 ማታ በር ላይ ቆሞ የሐምሌ 1ን በጀት እንደሚጠብቅ የግዥ ሠራተኛ ነው። የእህቴ ልጅ ይህን ያደርግ እንደነበር ያወቅሁት አይፎኑ ላይ በሰዓት የተከፋፈለውን ሥዕል ሳይ ነው፤ ከምሽቱ 5 እስከ 6 ሰዓት ባዶ ሆኖ፣ ረጅሙ ምሰሶ ልክ ከ6 ሰዓት ጀምሮ ቆሟል። ስለዚህ የአፕ ገደብ ብቻውን ሌሊትን አይጠብቅም፤ ሌሊቱን ሳይቆርጥ እስከ ንጋት ከሚይዘው ከቤድታይም ሞድ፣ አይፎን ላይም ከ«ዳውንታይም» ጋር አብሮ መሄድ አለበት።

«ሌሊት ስልክ ድምፁን አላጠፋም፣ ምን እንደሚመጣ አይታወቅም» የምትሉኝ ትኖራላችሁ፤ እውነታችሁን ነው። በእኛ ዘንድ ሌሊት የሚደወል ስልክ ወይ የታመመ አለ ወይ መርዶ ነው፤ አሜሪካ ያለ ዘመድም ከሥራ ሲወጣ እዚህ ሌሊት ነው። ስለዚህ መጀመሪያ የእናት የአባታችሁንና የቅርብ ሰዎቻችሁን ስም ለይታችሁ ጥሪያቸው በማንኛውም ሰዓት እንዲያልፍ ፍቀዱ፤ አንድሮይድ ላይ ስማቸው ላይ ኮከብ በማድረግ፣ አይፎን ላይ የተፈቀደላቸው ሰዎች ዝርዝር ውስጥ በማስገባት ይሠራል። እኔ ይህን ባለማድረጌ፣ ስልኬ በቀን በተኛበት በዚያ ከሰዓት በኋላ የእድራችን ጸሐፊ ደውሎ ሳላነሣለት ቀረሁ፤ እስከ ዛሬ ሰላምታው አጭር ነው።

ከዚህ ሁሉ በላይ የምፈልገው ግን የሚከተለውን እንድትሰሙኝ ነው። የኦዲት ሙያ የመጀመሪያ ትምህርት፣ ገንዘብ የሚይዘውና የሚመዘግበው፣ ወጪ የሚጠይቀውና የሚያጸድቀው አንድ ሰው መሆን የለበትም የሚል ነው። ይህን ስንል ማንንም በሌብነት አንጠረጥርም፤ እጅግ ታማኝ የሆነ ሰው እንኳ ብቻውን ሲሆን ለራሱ ይራራል። ብዙዎቻችሁ ገደብ ሞክራችሁ እንዳልሠራላችሁና በዚህም ራሳችሁን ደካማ እያላችሁ እንደምትወቅሱ አውቃለሁ። ጥፋቱ ከአሠራሩ ነው። አይፎን ላይ ገደቡን በምስጢር ቁጥር (በኮድ) ሳትቆልፉ ብታደርጉ፣ ጊዜው ሲያልቅ አንድ ደቂቃ ልጨምር፣ ከ15 ደቂቃ በኋላ ላስታውስ፣ ወይስ ለዛሬ ልተወው የሚሉ ምርጫዎች ይቀርቡላችኋል፤ ሦስተኛውን ለመንካት ግማሽ ሰከንድ ይበቃል። አንድሮይድ ላይም ገደቡን የሞላው ጣት ራሱ ተመልሶ ይሰርዘዋል። ቲክቶክ እ.ኤ.አ. በ2023 ከ18 ዓመት በታች ለሆኑ ሁሉ የ60 ደቂቃ የቀን ገደብ ማድረጉን ሲያስታውቅ ደስ ብሎኝ ነበር፤ ዝርዝሩን ሳነብ ግን 13 ዓመት የሞላው ታዳጊ 60 ደቂቃው ሲያልቅ ራሱ ኮድ አስገብቶ መቀጠል እንደሚችል አየሁ። ካሸሩ የራሱን ቫውቸር ራሱ ፈረመ ማለት ነው።

አይፎን ያላችሁ የስክሪን ታይም ኮዱን ሌላ ሰው እንዲያወጣላችሁ አድርጉ፤ ከዚያም በእያንዳንዱ ገደብ ላይ «ብሎክ አት ኤንድ ኦፍ ሊሚት» የሚለው እንደበራ አረጋግጡ፤ እርሱ ካልበራ ኮዱ ለጌጥ ነው። ኮዱ ሲወጣ፣ ኮዱ ቢረሳ ለማስመለሻ የሚሆን የአፕል አካውንት ስልኩ ይጠይቃል፤ እዚያ ላይ የእናንተ ከተሞላ የጓሮ በር ተከፈተላችሁ። አንድሮይድ ላይ ለታናናሾቻችሁ ወላጅ የልጁን ስልክ የሚቆጣጠርበት የጎግል «ፋሚሊ ሊንክ» አለ፤ እናንተ ግን እንዲህ ያለ ኮድ ስለማታገኙ በየእሑዱ ዳሽቦርዳችሁን የሚያይላችሁ አንድ ሰው ፈልጉ። ያ ሰው የዶርም ጓደኛችሁ አይሁን። እርሱም ሌሊት 6 ሰዓትን የሚጠብቅ ከሆነ በሙያችን መመሳጠር የምንለው ይመጣል፤ ለእርሱ ደግሞ እስካሁን መድኃኒት አልተገኘም።

የእህቴ ልጅ የመውጫ ፈተናው ሁለት ወር ሲቀረው አይፎኑን ይዞ መጣና ኮዱን እንድይዝለት ጠየቀኝ። ውላችን እንዲህ ነው፤ ተጨማሪ ጊዜ ሲፈልግ ምክንያቱን በቴክስት ጽፎ ይልካል፣ እኔ በደብተር እመዘግበዋለሁ፣ ኮዱን ግን በስልክ አልነግረውም፤ ቤቴ ድረስ መጥቶ እኔው እሞላለታለሁ። ከእርሱ ቤት እኔ ቤት ሁለት ታክሲ ነው። በመጀመሪያው ሳምንት 11 ጥያቄ መጣ፤ ስድስቱ ላይ የተጻፈው ምክንያት «ትንሽ ብቻ» የሚል ነበር። በሁለተኛው ሳምንት 4 ሆነ፤ በሦስተኛው ኳስ የበዛበት ሳምንት ነበርና ወደ 7 ተመለሰ። ጠይቆ የመጣው ግን አንድ ቀን ብቻ ነው፤ ያውም ዝናብ ደብድቦት። ባለቤቴ ቡና አፍልታ ነበር። አቦሉን ጠጣ፣ ቶናውን ጠጣ፣ በረካው ሲቀርብ ስለ ኮስት አካውንቲንግ አንድ ያልገባውን ነገር እያነሣ ይጠይቀኝ ነበር። ዝናቡ ሲያባራ ጫማውን አሰረና ተሰናብቶን ሄደ፤ ስለ ኮዱ አላነሣም፣ እኔም አላስታወስኩትም። ደብተሬን አውጥቼ ከጥያቄው አጠገብ «ያልተከፈለ» ብዬ ጻፍኩበት።