መፈረም የማይችል ስብሰባ ምን ይሠራል?

ዲፕሎማት መሆን ለምትፈልጉ ልጆቼ፣

አንድ ጉባኤ ሲያልቅ መጀመሪያ የምትጠይቁት «ምን ተፈረመ?» ነው። ካልተፈረመ ወሬ ብቻ ነበር ትላላችሁ። በዚህ ሙያ ያረጀሁ ነኝና ስሙኝ። ከሁለተኛው የዓለም ጦርነት በኋላ አውሮፓውያንን ካቀራረቡት ስብሰባዎች ብዙዎቹ አንዲት ወረቀት የመፈረም ሥልጣን አልነበራቸውም።

ዊልተን ፓርክ የሚባለውን የውይይት ማዕከል እዩ። እንግሊዝ ውስጥ በጥር 1946 ሲከፈት (ዓመቶቹ ሁሉ በአውሮፓ አቆጣጠር ናቸው) ተማሪዎቹ የጀርመን የጦር እስረኞች ነበሩ። ጦርነቱ ካበቃ ገና ዓመት አልሞላም! ኃላፊው ሄይንዝ ኮፕለር ራሱ ከጀርመን ተሰዶ የመጣ የታሪክ ምሁር ነው። ቂም ቢይዝ ማን ይፈርድበታል? እሱ ግን እስረኞቹን አስቀምጦ ስለ ዴሞክራሲ አከራከራቸው። በኋላ ሲቪሎችም ተጨመሩ። እስከ 1948 ከ4,000 በላይ ጀርመናውያን በዚያ አለፉ። የተሸነፈን ሰው ዝም ማሰኘት ቀላል ነው። ሐሳቡን ጠይቆ መልሱን መስማት ግን ትልቅ ልብ ይፈልጋል፤ እኔ ከዚያ ዘመን ሥራዎች ሁሉ ይህን አስበልጣለሁ።

በግንቦት 1948 ደግሞ ከ700 በላይ ሰዎች ስለ አውሮፓ አንድነት ሊመክሩ ኔዘርላንድ ውስጥ ሄግ ላይ ተገናኙ። ሰብሳቢው የቀድሞው የብሪታንያ ጠቅላይ ሚኒስትር ቸርችል ያኔ ሥልጣን ላይ አልነበረም። ጀርመናዊው ፖለቲከኛ ኮንራድ አዴናወርም መጣ፤ ምዕራብ ጀርመን ገና አልተመሠረተችም። በዓመቱ የአውሮፓ ምክር ቤት ተቋቋመ፣ አዴናወርም የምዕራብ ጀርመን መራሔ መንግሥት ሆነ። ዛሬ ወንበር የሌለውን ሰው አትናቁ የምላችሁ ለዚህ ነው።

አላጋንንም ግን። ከሄግ ተሰብሳቢዎች ብዙዎቹ እውነተኛ ሥልጣን ያለው የአውሮፓ ሸንጎ ይፈልጉ ነበር። ብሪታንያ አልወደደችውም፤ በአውሮፓ ምክር ቤት ውስጥ የተገኘው መምከር ብቻ የሚችል ሸንጎ ሆነ። የድንጋይ ከሰሉንና የብረቱን ኢንዱስትሪ ያስተሳሰረው በ1951 ስድስት መንግሥታት ፓሪስ ላይ የፈረሙት ውል ነው። ጭውውት የመንግሥትን ውሳኔ አይተካም።

እንዲህ ያለ ስብሰባ ላይ ስትላኩ ታዲያ፣ ከአገራችሁ ልጆች ጋር ተሰብስባችሁ አትቀመጡ። ምሳ ላይ አቋሙ የሚያናድዳችሁ ሰው አጠገብ ሂዱ። መልስ ከማዘጋጀታችሁ በፊት አስጨርሱት። የሰማችሁትን ሐሳብ ተጠቀሙበት፤ ማን እንደተናገረው ግን ውጭ አታውሩ። ዊልተን ፓርክ ዛሬም የሚሠራው በዚህ ደንብ ነው።