ከቦሌ ወደ ዋሽንግተን ሲኬድ አውሮፕላኑ ለምን መንገድ ላይ ያርፋል?

ወንድሜ፣ ስትሄድ ደብሊን ላይ ነዳጅ ሊቀዳ አረፈ፣ ስትመለስ ግን ከዋሽንግተን በቀጥታ ቦሌ ገባህ። ለምን? ብልሽት አይደለም፤ የቦሌ ከፍታ ነው።

ቦሌ ከባሕር ጠለል በላይ 2,300 ሜትር ገደማ ላይ ነው ያለው። እዚያ አየሩ ስስ ነው። አውሮፕላኑ ለመነሳት የበለጠ ፍጥነት ይፈልጋል፤ የሞተሩ ጉልበት ደግሞ ይቀንሳል። ስለዚህ ሰውና ሻንጣ ጢም ብሎ ከተጫነ፣ ለመላው ጉዞ የሚበቃ ነዳጅ ጨምሮ መነሳት ይከብዳል። ዋሽንግተን ዝቅ ያለ ቦታ ስለሆነ ከዚያ ብዙ ነዳጅ ይዞ መነሳት ይችላል። ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍሰው ነፋስም ከኋላ ይገፋዋል።

ነገሩ ቦሌ ከተሠራበት ምክንያት ጋርም ይገናኛል። ድሮ ኤርፖርቱ ልደታ ነበር። የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያ ጄቶቹን፣ ቦይንግ 720ን፣ እ.ኤ.አ. በ1962 ሲያመጣ የልደታ ሜዳ ለጄት አልበቃም። ቦሌ ግን ዛሬ ሁለት ማኮብኮቢያዎች አሉት፤ ሁለቱም ከ3.5 ኪሎ ሜትር በላይ ናቸው። በዚህ ከፍታ ላይ ያ ሁሉ ርዝመት ያስፈልጋል።

ለአዲሱ ኤርፖርት ቢሾፍቱ አካባቢ፣ አቡሴራ መመረጡ እኔን ያስደሰተኝም ለዚህ ነው። ቦታው ከቦሌ ዝቅ ይላል፤ አውሮፕላኖቹ ከዚያ የበለጠ ጭነው መነሳት ይችላሉ።