ከሆንግ ኮንግ ቶኪዮ ስንት ሰዓት ነው? ጥያቄና መልስ

በበረራ ዕቅድ ሥራ ብዙ ዓመት ቆይቻለሁ። ስለ ሆንግ ኮንግና ቶኪዮ መስመር ጠይቁኝ። አንድ ነገር ግን አስቀድሜ ልበል። ትኬት ላይ ያለው ሰዓት የየከተማው ሰዓት ነው። ዝም ብላችሁ አትቀንሱ።

ሄለን፦ ርቀቱ ስንት ነው?
መልስ፦ በአየር 2,900 ኪሎ ሜትር ገደማ።

ናሆም፦ ለባለቤቴ ትኬት እየቆረጥኩ ነው፣ ጉዞው ጥር ላይ ነው። ስትሄድ 10:00 ተነስታ 15:00 ትደርሳለች። ስትመለስ 10:00 ተነስታ 14:00። መመለሻው ለምን ፈጠነ?
መልስ፦ ናሆም፣ እንዲህ ያለ ጥያቄ ነው የምወደው። መመለሻው አልፈጠነም፤ እንዲያውም የሚረዝመው እሱ ነው። ቶኪዮ ሆንግ ኮንግን በ1 ሰዓት ትቀድማለች። ስለዚህ የመሄጃው 5 ሰዓት በእውነቱ 4 ነው፣ የመመለሻው 4 ደግሞ 5።

ይህን ያመጣው ነፋስ ነው። ጃፓን ሰማይ ላይ፣ 10 ኪሎ ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚነፍስ ጄት ስትሪም የሚባል ኃይለኛ ነፋስ አለ። በእነሱ የብርድ ወራት፣ ከታኅሣሥ እስከ የካቲት፣ በሰዓት ከ200 ኪሎ ሜትር በላይ ይነፍሳል። 300 የሚያልፍበትም ቀን አለ። ወደ ቶኪዮ ሲኬድ ከኋላ ይገፋል፤ ሲመለሱ ፊት ለፊት ይገጥማል። ሐምሌና ነሐሴ ላይ ወደ ሰሜን ይሸሻል፣ ይደክማልም። ያኔ ልዩነቱ ይጠባል።

ነፋሱን በ1920ዎቹ ፊኛ እየለቀቀ የለካው ጃፓናዊው ዋሳቡሮ ኦይሺ ነው። ግኝቱን ኤስፔራንቶ በሚባል ሰው ሠራሽ ቋንቋ ስለጻፈው ውጭ አገር ብዙም ሰው ልብ አላለውም። ይሄ ሁሌ ይቆጨኛል።

ሚኪ፦ ዋጋውስ?
መልስ፦ በየቀኑ ይለዋወጣል። ትኬት ቢሮ ጠይቅ።

ዳዊት፦ ከቶኪዮ አየር ማረፊያዎች ናሪታ ነው የሚሻለው፣ ብዙ በረራ አለው።
ሳባ፦ ኧረ ዳዊት! ሃኔዳ ከመሃል ከተማ 15 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፣ ናሪታ 60። ከነሻንጣው ማን ይንከራተታል?
ዳዊት፦ ባቡር አለ እኮ፣ 1 ሰዓት ነው።
ሳባ፦ ሌሊት ስትደርስ ባቡሩን ፈልገው እስቲ።
መልስ፦ ሳባ ልክ ናት። አሁን ወደ በረራው እንመለስ።

ቢኒ፦ በአጭሩ ስንት ሰዓት ይፈጃል?
መልስ፦ ቢኒ፣ ከላይ አንብብ። ወዴት? በየትኛው ወር? ይህን ሳትነግረኝ ምን ልበልህ?

ሄለን፦ እኔ ወደ ቶኪዮ 3 ሰዓት ተኩል ብቻ ነው የበረርኩት።
መልስ፦ ይሆናል፣ እህቴ። ትኬቱ የሚቆጥረው አውሮፕላኑ ከማቆሚያው ከተነሳበት እስከሚቆምበት ነው። መሬት ላይ የሚንከባለልበትም አብሮ ይቆጠራል።

ናሆም፦ ይቅርታ፣ 10:00 ያልኩት ከሰዓት ነው አይደል?
መልስ፦ አይደለም ወንድሜ! በእኛ አቆጣጠር ጠዋት 4 ሰዓት ነው። አሁኑኑ ደውልላት። 10 ሰዓት ብላ ከወጣች አውሮፕላኑ ቶኪዮ ደርሷል።