የዓሣ ዘይትና የልብ ስቴንት፦ ጠይቁኝ፣ ልመልስ

ፋርማሲ ውስጥ ነው የምሠራው። ስለ ስቴንት፣ ማለትም የጠበበ የልብ ቧንቧን ከፍቶ ለማቆየት ስለሚገባው ትንሽ የሽቦ ቱቦ፣ ጠይቁኝ ስላችሁ፣ አብዛኛው ጥያቄ ስለ ዓሣ ዘይት ሆኖ አረፈው። ይሁን።

ጥያቄ፦ አባቴ ከሁለት ወር በፊት ስቴንት ገብቶለታል። አክስቴ ከአሜሪካ የዓሣ ዘይት አምጥታ «ይሄን ከዋጠ ቧንቧው ተመልሶ አይጠብም» አለች። እውነት ነው?

አክስትሽ ከመሬት ተነስታ አላወራችም። ግን ወሬው አርጅቷል። እ.ኤ.አ. በ1977 ግሩንትዚግ የሚባል ሐኪም ዙሪክ ላይ የጠበበ የልብ ቧንቧን በፊኛ ከፈተ። ችግሩ፣ ፊኛው ሲነፋ የቧንቧውን ውስጠኛ ግድግዳ ያቆስላል። ሰውነት ቁስሉን ሲጠግን ሥጋ ያበዛበታል። በዚህ የተነሳ ከሦስቱ ታካሚ የአንዱ ያህል ቧንቧ በወራት ውስጥ መልሶ ይጠብ ነበር። በ1988 በ82 ሰዎች ላይ የተሠራ ጥናት የዓሣ ዘይት ይህን ከግማሽ በላይ ቀነሰ ሲል ሁሉም ጠርሙስ ፍለጋ ወጣ።

ከዚያ ትልልቆቹ ጥናቶች መጡ። በ1994 በወጣው ጥናት ከ500 በላይ ታካሚዎች ነበሩ። ግማሾቹ በየቀኑ አሥር እንክብል የዓሣ ዘይት፣ ግማሾቹ ደግሞ የበቆሎ ዘይት ዋጡ። ልዩነት አልተገኘም። በ1996 በ814 ሰዎች ላይም ያው ሆነ። ችግሩን ያቃለለው ራሱ ስቴንቱ ነው፤ በተለይ መድኃኒት የተቀባው።

ጥያቄ፦ ደም እንዳይረጋ ከሚሰጡት ከክሎፒዶግሬልና ከአስፕሪን ጋር ቢወሰድስ?

በትንሽ መጠን ብዙ ጊዜ ችግር የለውም፤ ለሐኪሙ ግን ይነገረው። እኔን የሚያስፈራኝ ሌላ ነው። አንድ አባት መጥተው ሁለት ዕቃ መስኮቱ ላይ ደረደሩ። «ይሄ ተፈጥሯዊ ነው፤ ያኛውን ትቼዋለሁ» አሉኝ። የተዉት ክሎፒዶግሬሉን ነበር! አዲስ ስቴንት ያለው ሰው እሱን በራሱ ሲያቆም ደም በድንገት ሊረጋበት ይችላል። እዚያው ቆመው ሐኪማቸው ጋ አስደወልኳቸው።

ጥያቄ፦ ጠርሙሱ 1000 ሚሊግራም ይላል። ይበቃል?

ጀርባውን አንብብ። ብዙዎቹ ላይ ኢፒኤ 180፣ ዲኤችኤ 120 ተብሎ ተጽፏል። የምትፈልገው ኦሜጋ ሦስት የሚባለው ስብ የእነዚህ የሁለቱ ድምር ነው፤ 300 ብቻ። ሌላው ዘይት ነው።

ጥያቄ፦ ተልባስ?

የተልባው ኦሜጋ ሦስት ሌላ ዓይነት ነው። ሰውነት ወደ ዓሣው ዓይነት የሚቀይረው ጥቂቱን ነው። ጠጡት፣ ለሆድ ድርቀትም ይረዳል። ለስቴንት ብላችሁ ግን አይሁን።

ጥያቄ፦ ታዲያ እኔን ሐኪሜ ለምን በቀን 4 ግራም አዘዘልኝ?

ትሪግሊሰራይድህ፣ ማለትም በደምህ ውስጥ ያለው ስብ፣ ከፍ ብሎ ይሆናል። ያ በሐኪም የሚታዘዝ፣ የተጣራ መድኃኒት ነው፤ ከሱፐርማርኬቱ ጋር አታምታታው። የልብ ምትህ ከተዛባ ግን ቶሎ ንገረው፤ በዚህ መጠን ሲወሰድ ይህ ችግር በጥናት ታይቷል።

ጥያቄ፦ ልጄ፣ ጾም ላይ ነኝ። እንክብሉን ልዋጠው?

እናቴ፣ የዓሣውን ነገር ለንስሐ አባትዎ ልተወው። እኔ የማውቀው ሽፋኑን ነው። ብዙ ጊዜ ጄላቲን ነው፤ ከከብት፣ ከአሳማ ወይም ከዓሣ የሚሠራ። ጠርሙሱን ይዘው ይምጡ፣ አብረን እናነበዋለን።