ካሲኖ ማሪኖ፦ ስለ ደብሊኑ ትንሽ ቤት ጥያቄና መልስ

ዓምድና ጣሪያ (መልስ ሰጪው)፦ ስለ ካሲኖ ማሪኖ የምትፈልጉትን ጠይቁ። ካሲኖ ሲባል ቁማር ቤት አይደለም፤ በጣልያንኛ ትንሽ ቤት ማለት ነው። የቻርለሞንት መስፍን ጄምስ ኮልፊልድ ደብሊን አጠገብ በነበረው ርስቱ ላይ ያሠራው የመዝናኛ ቤት ነው። መኖሪያው እዚያው ርስት ላይ የነበረው ማሪኖ ሃውስ ነበር፤ እሱ በ1920ዎቹ ፈርሷል። የካሲኖው ንድፍ የዊልያም ቻምበርስ ነው፤ ግንባታው በ1750ዎቹ መጨረሻ ተጀምሮ በ1775 ገደማ አለቀ። ዓመቶቹ በሙሉ እ.ኤ.አ. ናቸው። አንድ ማሳሰቢያ፦ ከውጭ የተነሣ ፎቶ ይዛችሁ ስለ ውስጡ አትፍረዱ።

እልፍኝ፦ መምህር፣ ፎቶው ላይ አንድ በርና አንድ መስኮት ብቻ ነው የሚታየው። ስንት ክፍል አለው?

ዓምድና ጣሪያ፦ 16 ክፍል፣ በሦስት ደረጃ። ቤዝመንቱ (ምድር ቤቱ) ውስጥ ወጥ ቤቱና የወይን ጓዳው አሉ። ዋናው ወለል ላይ መግቢያው፣ ሳሎኑና የዞዲያክ (የአሥራ ሁለቱ ኮከቦች ምልክት) ክፍሉ ናቸው። መኝታ ክፍሉ ከላይ ነው። ቤዝመንቱ የማይታየው ዙሪያውን ተቆፍሮ ስለተከለለ ነው።

መስኮቶቹን ልብ በሉ። ከውጭ አንድ የሚመስለው መስኮት ከውስጥ ከአንድ በላይ ለሆኑ ክፍሎች ብርሃን ይሰጣል፤ ክፍልፋዩ ግድግዳ ከመስታወቱ ኋላ ያልፋል። ይህ ከውጭ እንዳይታወቅ መስታወቶቹ በትንሹ ጎበጥ ተደርገዋል። ጎባጣ መስታወት ሰማዩን መልሶ ስለሚያሳይ ዓይን ከኋላው ያለውን አያገኝም። በአንዱ ቦታ የተሰበረውን በተራ ጠፍጣፋ መስታወት ብትተኩ ግድግዳው ወዲያው ብቅ ይላል። በሩም እንዲሁ ነው፤ ግዙፍ ይመስላል፣ የሚከፈተው ግን የታችኛው ክፍሉ ብቻ ነው። ሙሉው ቢከፈት ኖሮ ከውስጥ ካለው ክፍል ልክ ጋር አይሄድም ነበር።

ኖራ፦ ጣሪያው ላይ አሸንዳ አይታይም። የአየርላንድ ዝናብ ደግሞ የታወቀ ነው። ውሃው በየት ይወርዳል?

ዓምድና ጣሪያ፦ ጥያቄ ማለት ይህ ነው። ውሃው የሚወርደው በዓምዶቹ ውስጥ ነው። ከዓምዶቹ አንዳንዶቹ ውስጣቸው ባዶ ሲሆን ከላይ እስከ ታች ሰንሰለት ተንጠልጥሎባቸዋል። ሰንሰለቱ ለምን አስፈለገ? ውሃ ባዶ ጉድጓድ ውስጥ ሲለቀቅ እየተረጨ ድንጋዩን ይመታል፣ መጋጠሚያውን ያጥባል። ሰንሰለት ሲያገኝ ግን ቀለበቱን ተከትሎ፣ እሱን እንደያዘ ይወርዳል። ጣሪያው ላይ ያሉት የሮማ ገንቦ የሚመስሉት ትልልቅ ድንጋዮችም ጭስ ማውጫዎች ናቸው። ቻምበርስ ጥንታዊውን መልክ ቧንቧና ጭስ ማውጫ እንዲያበላሹት አልፈለገም፤ ግን ቤቱ እንዲያፈስም አልፈለገም።

እንዲህ ያለ ቤት መጀመሪያ የሚበላሸው በዚሁ በኩል ነው። የመውረጃው አፍ በቅጠል ወይም በወፍ ጎጆ ሲደፈን ውሃው ከጣሪያው ጫፍ ግንብ ኋላ ይተኛል። በእርሳስ ማዕድን ሉህ የተሸፈነ ጣሪያ ከሆነ ሉሁ ከሙቀትና ከቅዝቃዜ ጋር ሲለጠጥና ሲኮማተር ይሰነጠቃል፤ ሉሆቹ ረጃጅም ከሆኑ ደግሞ ይብሳል። የገባው እርጥበት የድንጋይ ማያያዣ ብረት ላይ ከደረሰ ብረቱ ይዝጋል፣ ዝገት ከብረቱ ይበልጥ ቦታ ስለሚይዝም ድንጋዩን ከውስጥ ይፈነቅለዋል። ስለዚህ ስንጥቅ ስታዩ ወደ መጋጠሚያው ከመሄዳችሁ በፊት መውረጃውን ፈትሹ። መጋጠሚያውን በሲሚንቶ አትሙሉ! ይህ ፖርትላንድ የሚባል የኖራ ድንጋይ ነው፤ ኖራ ነው የሚስማማው። ሲሚንቶ እርጥበቱን አፍኖ ከድንጋዩ ፊት ጋር ተያይዞ ይረግፋል።

ጎብኚ፦ ስለ ቤቱ ታሪክ በሰፊው ይንገሩን።

ዓምድና ጣሪያ፦ የትኛው ታሪክ? የባለቤቱ፣ የግንባታው ወይስ የጥገናው? ለይተህ ጠይቅ።

ጠራቢ፦ እኔ ሕንፃው የቻምበርስ መባሉ አይዋጥልኝም። አየርላንድን አንድ ቀን እንኳ አልረገጠም። ቤቱን ያቆመው ሳይመን ቪርፒል ነው።

ኖራ፦ በማን ንድፍ? ቻምበርስ በ1759 ባሳተመው መጽሐፍ ላይ ቤቱ አለ።

ጠራቢ፦ ንድፉም መነሻው ለዚህ ቤት አልነበረም። እንግሊዝ ውስጥ ላለው ለሄርዉድ ሃውስ ጫፍ ታስቦ ሳይሠራ የቀረ ነው።

ኖራ፦ ታዲያ ያው የቻምበርስ ነዋ!

ዓምድና ጣሪያ፦ ሁለታችሁም ያላችሁት እውነት ነው፣ የምትጣሉት ግን በከንቱ ነው። ቪርፒል ሮም ውስጥ ለቻርለሞንት የጥንት ሐውልቶችን ሲቀዳ የነበረ ቀራጭ ነው፤ ከዚያ ደብሊን መጥቶ ሥራውን መራ። ቻምበርስ ከሩቅ በደብዳቤና በሥዕል ይመራ ነበር። ሥዕል ላይ የሌለውን ስንት ነገር ቪርፒል እዚያው ቆሞ መወሰን እንደነበረበት ግንባታ የሠራ ሰው ያውቀዋል። በተረፈ ክርክሩን ሌላ ቦታ ቀጥሉት።

አዲስ ገቢ፦ ይቅርታ፣ ክፍሎቹ ስንት ናቸው?

ዓምድና ጣሪያ፦ ከላይ ተመልሷል። 16። እባካችሁ እያነበባችሁ ጠይቁ።

ንድፍ ተማሪ፦ መምህር፣ ለክፍል ሥራ ልስለው ነው። ከየት ልጀምር?

ዓምድና ጣሪያ፦ ከፊት ገጽታው አትጀምር፤ ሁሉም የሚሳሳተው እዚያ ነው። በውጭ ዓምዶቹ በኩል በየጎኑ 50 ጫማ፣ 15 ሜትር ገደማ የሆነ ካሬ አስምር፤ በ1፡50 ስኬል 30 ሴንቲሜትር ይመጣል። በመሐሉ ሁለት የመሐል መስመር አቋርጥ። ከዚያ እጆቹ እኩል የሆነ መስቀል አውጣና የየእጁን ጫፍ በሁለት ዓምድ ያዘው። ለዓምዱ የሮማ ዶሪክ የሚባለውን የጥንት ዓምድ ዓይነት ደንብ ያዝ፤ ቁመቱ የታችኛው ውፍረቱ 8 እጥፍ ነው። ዓምዱን እንደ ቧንቧ ቀጥ አድርገህ አትሳለው፤ ከታችኛው አንድ ሦስተኛ በላይ ቀስ እያለ ይቀጥናል።

ቀጥለህ ሴክሽኑን፣ ማለትም ቤቱ ከላይ እስከ ታች ተቆርጦ ውስጡ ሲታይ የሚያሳየውን ሥዕል፣ ሥራ። የወለሎቹን ከፍታ ከመስኮቶቹ ብትወስድ ቤቱ አንድ ወለል ብቻ ያለው ይሆንብሃል። አሁንም እላለሁ፣ ከውጭ አትፍረድ።

ጎብኚ፦ የአየርላንድ ነፃነት ታጋዩ ማይክል ኮሊንስ እዚያ ጠመንጃ ይሞክር ነበር የሚባለው እውነት ነው?

ዓምድና ጣሪያ፦ በነፃነት ጦርነቱ ጊዜ ከሥሩ ባሉት መተላለፊያዎች ውስጥ ይባላል። የኔ ነገር ሕንፃው ነው።

ደብሊን ነዋሪ፦ ቅዳሜ ልጆቼን ይዤ ልሄድ አስቤአለሁ። ምን ልይ?

ዓምድና ጣሪያ፦ ቤቱ ከ1930 ጀምሮ በመንግሥት እጅ ነው፤ ከ1974 በኋላ ሰፊ ጥገና ተደርጎለት በ1984 ለሕዝብ ተከፈተ። የሚገባው ከአስጎብኚ ጋር ነው፣ ዓመቱን ሙሉም ክፍት አይደለም፤ ስለዚህ አስቀድመሽ አረጋግጪ። ወለሎቹ ከተለያየ እንጨት ተገጣጥመው የተሠሩ ስለሆኑ ከጫማ ላይ የሚደረብ ይሰጣችኋል፤ ልጆቹ እንዳይሮጡበት። መጀመሪያ ግን ሳትገቡ ዙሪያውን አንዴ ዙሩና ልጆቹ ክፍሉን በግምት ይቁጠሩ። ከገባችሁ በኋላ መስኮቱ አጠገብ ቁሙና ግድግዳው መስታወቱን የሚነካበትን ቦታ አሳዪያቸው። ዝናብ ከጣለ ደግሞ ዓምዶቹ አጠገብ ጆሯችሁን አስጠጉ።